ስሟን የማልጽፋት መንደር በቶሮንቶ

የበደለኝ ዶክተር ተፈራ ነው። የበደለኝም የመጨረሻ ልጄ አንደኛ ክፍል ሊገባ በተዘጋጀበት ክረምት ነው። የአባቱን ስም የተውኩት አባቱ ደግ ሰው ስለነበሩ ነው እንጂ እሱን ለመሸፈን አይደለም።

ያን ጊዜ እኔ የነርሶች አስተማሪ ነበርኩ፤ እሱ የጥናት ቡድናችን መሪ። ሐይቅ ዳር ባለች አንዲት የዓሣ አጥማጆች መንደር ልጆች በተቅማጥ እየታመሙ ስለነበር ምክንያቱን እንድናጠና ተላክን። ቤት ለቤት የዞርኩት እኔ ነኝ። "ውጤቱን ከማንም በፊት ለእናንተ አመጣለሁ" ብዬ ቃል የገባሁትም እኔ ነኝ። ጥናቱ ሳያልቅ፣ የውሃው ምርመራ ሳይመጣ፣ ዶክተር ተፈራ ግማሹን ውጤት ይዞ ለባለሥልጣናት አቀረበ። ወረቀቱ ላይ የታመሙት ብዛት እንጂ ምክንያቱ አልነበረም። ሰዎቹ ብዛቱን አይተው የመንደሯ ዓሣ ገበያ እንዳይገባ ከለከሉ። በኋላ የውሃው ምርመራ ሲመጣ በሽታው ከላይ ካለ ሰፈር በሚወርድ ፍሳሽ እንደመጣ አሳየ። ያን ጊዜ ግን የሚሰማ ጆሮም፣ የመንደሯን ዓሣ የሚገዛ ሰውም አልነበረም። በየቀኑ ከቤታቸው ጥላ ሥር ያስቀምጡኝ የነበሩት የመንደሯ ሴት እትዬ ይታይሽ ደጃቸውን ዘጉብኝ። ወሬውን ይዤ የሄድኩት እኔ መስዬአቸው ነበር። እሱ ተሾመ፤ ቆይቶም ካናዳ ገባ።

በዚህ ዓመት ኅዳር ውስጥ ከቶሮንቶ ጻፈልኝ። ነጮች ከመምጣታቸው በፊት አገሩ የእነሱ የነበረ ነባር ሕዝቦች አሉ፤ ከእነሱ ውስጥ በከተማ የሚኖሩትን ጤና የሚያጠና ቡድን ውስጥ እየሠራ ነው። የመጀመሪያ ውጤታቸውን ለፖሊሲ አውጪዎች ሊያቀርቡ ስለሆነ እኔ መጥቼ "የኢትዮጵያን ተሞክሮ" እንድናገር ይፈልጋል። ቲኬቱን እነሱ ይልካሉ። ልጆቼ አትሂጂ አሉኝ። እኔ ግን የሄድኩት ቶሮንቶን ለማየት አልነበረም። ያደረገውን ነገር በገዛ አፉ፣ ሰው ፊት እንዲናገር ፈልጌ ነው።

እሑድ

ሻንጣዬን የሞላሁት በሽሮ፣ በበርበሬና በዳቦ ቆሎ ነው፤ ሁሉም እዚያ ለምትኖረው ለአክስቴ ልጅ ለጥሩነሽ። ለእሱ ምንም አልያዝኩም።

አውሮፕላኑ ውስጥ አልተኛሁም። ቶሮንቶ ስንደርስ ፓስፖርት የሚያየው ሰው የመጣሁበትን ምክንያት ጠየቀኝ። ለስብሰባ አልኩት። ስለ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ስለ ጤና አልኩት። ከዚያ በላይ አልነገርኩትም፤ እሱም አልፈለገም። ሻንጣዬ ግን አልመጣም። ሌላ አገር እንደሄደ የነገረችኝ ሠራተኛ ፈገግታዋ ለአፍታም አልጎደለም። እኛ አገር ቢሆን ተሟግቼ ተሟግቼ ቢያንስ አለቃዋን አያለሁ። እዚያ የሚሟገቱት ሰው አይገኝም፤ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ሰጥታ በትሕትና አሰናበተችኝ።

ውጪ ሁለት ሰዎች ይጠብቁኛል፤ ዶክተር ተፈራ አበባ ይዞ፣ ጥሩነሽ ካፖርት ይዛ።

"ሲስተር አስካለ፣ እንኳን ደህና መጡ" አለኝ። አብረን ስንሠራ አንቺ ነበር የሚለኝ። የሚፈልገው ነገር ቀላል እንዳልሆነ ያኔውኑ ገባኝ። "ሆቴል ይዘንልዎታል። ስብሰባው አጠገብ ነው።"

"ዘመድ አለኝ።"

"ሆቴሉ እኮ ተይዟል፣ ሲስተር።"

ጥሩነሽ ካፖርቱን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ፣ "እንግዲያው አንተ እደርበት" አለችው። አበባውን ግን ተቀበለችው፤ እሷ አበባ ትወዳለች።

ሰኞ

ጥሩነሽ የምትኖረው ሴንት ጄምስ ታውን በሚባለው ሰፈር ነው። ሰማይ የሚነኩ ሕንፃዎች ተጠጋግተው ቆመዋል፤ ከየአገሩ የመጣ ሰው ይኖርባቸዋል። የታጠበ ልብሳቸውን በዘንቢል የያዙ ሴቶች ምድር ቤት ቆመው ኤሌቬተር ይጠብቃሉ። ከኤሌቬተሮቹ የሚሠራው አንዱ ብቻ ስለነበር እኛ ሰፈር ውሃ ሲመጣ ጀሪካን ይዘን እንደምንሰለፈው ተሰለፍን። ልዩነቱ እዚያ ሰው አያወራም። ጥሩነሽ ብቻ ናት የምታወራው።

ሱዳንን አቋርጣ የወጣች ናት። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው አገር አረጋውያንን ስታጥብና ስታበላ ኖራ አሁን ጡረታ ላይ ናት። ልጇ ቤቲ እዚያው ተወልዳ ነርስ ሆናለች። የእኔ ልብስ ሻንጣው ውስጥ ስለቀረ ከቤቲ ቁም ሣጥን እየለበስኩ ሰነበትኩ፤ በዚህ ዕድሜዬ ኮፍያው ላይ ጠጉር ያለበት ቀይ ካፖርት። ከሰገነቱ ላይ ከከተማው ማዶ ሐይቅ ይታያል። የእኛው ጧት ጧት ታንኳ ይርመሰመስበታል። ያኛው ግራጫ ነው፤ አንድም ሰው የለበትም።

ከሰዓት በኋላ ዶክተር ተፈራ ኮምፒውተሩን ይዞ መጣ። ሐሙስ የሚያቀርበውን ሊያሳየኝ ነው። የመጀመሪያውን ገጽ ሲከፍት መንደሯን አየኋት። እትዬ ይታይሽ መረብ አጠገብ ተቀምጠዋል። ከፎቶው ሥር የመንደሯ ስም ከነወረዳው ተጽፏል። ከላይ "ፈጣን ውጤት፣ ፈጣን እርምጃ" ይላል።

"ይህን ፎቶ እንድታሳይ ማን ፈቀደልህ?"

"ሲስተር፣ እዚህ አገር ማን ያውቃቸዋል?"

"እኔ።"

ሳቅ አለ። "እሺ፣ እናየዋለን" ብሎ ወደሚቀጥለው ገጽ አለፈ። ጥናቱ ያገኘው ከነባር ሕዝቦቹ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ከሄዱ በኋላ ሐኪም ሳያያቸው ጥለው የሚወጡት እንደሚበዙ ነው።

"ለምንድን ነው ጥለው የሚወጡት?"

"ምክንያቱ ገና ነው። ቃለ መጠይቁ አልተጀመረም። ግን ቁጥሩ ጠንካራ ነው። ነገ ከማኅበረሰቡ ጋር እንገናኛለን፤ እሱ ለወጉ ያህል ነው። ዋናው ሐሙስ ነው፤ ፖሊሲ አውጪዎቹ የሚመጡት ያን ቀን ነው። እርስዎ ለአምስት ደቂቃ ብቻ ይናገራሉ።"

የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጥኩት። ያንኑ ነገር፣ በዚያው መንገድ፣ በሌላ ሕዝብ ላይ ሊደግመው ነው። ሲወጣ ጥሩነሽ በሩን ዘግታ፣ "ይሄ ሰውዬ ጫማው ውስጥ ጠጠር የገባበት ይመስላል" አለች።

ማክሰኞ

ስብሰባው ዝቅ ያለች የጡብ ቤት ውስጥ ነበር። በሩ ላይ የተቀበለችን ሊን የምትባል ጎልማሳ ሴት ናት፤ ከነባር ሕዝቦቹ አንዷ ስትሆን ጥናቱን በእነሱ በኩል የምታስተባብረው እሷ ናት። በቀይ ጨርቅ ተቋጥሮ በክር የታሰረ ትንሽ ነገር አወጣች።

"ኦንቲ ማርጋሬት ይህን ልከውልዎታል" አለችኝ። ኦንቲ እንደ እኛ እትዬ ነው። "እንዲህ ያለው ሥራ በአገርዎ ለሰዎቹ እንዴት እንደሆነላቸው እንዲነግሩን ይጠይቁዎታል።"

ያው የአምስት ደቂቃው ንግግር መስሎኝ "በደስታ" ብዬ በሁለት እጄ ተቀበልኩ። እኛ ዘንድ የሰው ስጦታ በአንድ እጅ መቀበል ነውር ነው። ሊን እጆቼን አየችና አንገቷን ዝቅ አደረገች። ወንበር ላይ ተቀምጬ አሸተትኩት፤ ትምባሆ ነው። በነቢያት ጾም፣ የንስሐ አባት ያለኝ ሴት፣ ትምባሆ ይዤ ተቀመጥኩ። ማንም ሳያየኝ የቤቲ ካፖርት ኪስ ውስጥ ከተትኩት።

ወንበሮቹ ክብ ሆነው ተደርድረዋል፤ ጠረጴዛ የለም። ኦንቲ ማርጋሬት አጭር አሮጊት ናቸው፤ ሲቀመጡ እግራቸው መሬት አይደርስም። ጸሎት አድርሰው የሚንት ከረሜላ አፋቸው ውስጥ ጣሉና ዶክተር ተፈራን እያዩ "በል" አሉት።

ቁጥሮቹን አሳየ። ሌላ ገጽ ሊከፍት ሲል አንድ ሽማግሌ ተናገሩ።

"እኔ ጥለው ከወጡት አንዱ ነኝ። ስኳሬ ወርዶ ነበር። የተቀበለችኝ ልጅ 'ጠጥተሃል፣ ጥግ ላይ ቁጭ በል' አለችኝ። ከወጣትነቴ ጀምሮ ጠጥቼ አላውቅም። ተነስቼ ሄድኩ።"

"መሄድህስ ጥሩ፤ እንዴት ሳትወድቅ ደረስክ?" አለቻቸው አጠገባቸው ያለች ሴት።

"ማን አልወደቀም አለሽ?"

ሳቁ። ሳቁ ግን የደስታ አልነበረም።

ኦንቲ ማርጋሬት ከረሜላውን ወደ ጉንጫቸው ገፋ አድርገው፣ "ይህ ምክንያት ወረቀቱ ላይ አለ?" ብለው ጠየቁ።

"በሁለተኛው ዙር ይካተታል" አለ ዶክተር ተፈራ።

"ሐሙስ የሚመጡት ሰዎች ሁለተኛውን ዙር ይጠብቃሉ?"

"እነሱ ጊዜ የላቸውም።"

"እኛ አለን" አሉ ሽማግሌው።

ውጤቱ ለባለሥልጣናቱ ይሰጥ አይሰጥ የሚለውን ሐሙስ ጧት፣ እንግዶቹ ሳይመጡ፣ እዚሁ እንወስናለን ብለው ተነሱ። ዶክተር ተፈራ ፈገግ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ያንን አነቃነቅ አውቀዋለሁ፤ መንደሯም ውስጥ እንዲሁ ይነቀንቅ ነበር።

ምሳ ሲቀርብ ለብቻዬ ልቀመጥ ነበር፤ ሊን ግን የሚጨስ ሳህን አመጣችልኝ። ባቄላ፣ በቆሎና ዱባ አብሮ የተቀቀለ ነው። "ሥጋም ወተትም የለበትም" አለችኝ። ከመምጣቴ በፊት ስልክ ደውለው ጥሩነሽን ምን እንደምበላ ጠይቀዋት ኖሯል። ጣዕሙ ከእኛ ንፍሮ አይርቅም፤ ጨው ብቻ ያንሰዋል። ኦንቲ ማርጋሬት አጠገቤ ተቀምጠው እስክጨርስ ጠበቁኝ። አንድ ጥያቄ አልጠየቁኝም። ያ ነው ያስፈራኝ።

ራት ላይ ትምባሆውን ጠረጴዛው ላይ አወጣሁት። ጥሩነሽ አማተበች። "ቤቴ ውስጥ? በጾም?"

ቤቲ ግን ሹካዋን አስቀመጠች። "ማነው የሰጠሽ? ምን ብለው?"

ነገርኳት።

"አንቺ ምን አልሽ?"

"በደስታ።"

"ኦ ማይ ጋድ። እማማ አስካለ፣ ዩ ሴድ የስ።" አማርኛው ሲያጥራት እጇን ታወናጭፋለች። "ይሄ ለመስጠት ብቻ አይደለም። እነሱ ሽማግሌን ነገር ሲጠይቁ ትምባሆ ይሰጣሉ። ከተቀበልሽ፣ ፕሮሚስ ነው። እውነቱን ለመናገር። ክሊኒክ ውስጥ ትሬይኒንግ ላይ ተምረናል።"

"የእሱን አምስት ደቂቃ ነው የተቀበልኩት።"

"ኖ። እሳቸው የጠየቁት ሌላ ነው። ለሰዎቹ እንዴት ሆነላቸው ነው ያሉሽ።"

ጥሩነሽ ትምባሆውን በፌስታል ጠቅልላ ሰገነቱ ላይ ሰቀለችው። "ቃል ኪዳን ከሆነም ውጪ ይደር" አለች።

ረቡዕ

በረዶ ጣለ። ዶክተር ተፈራ ደውሎ ብሉር በሚባለው ጎዳና ላይ ባለ የሐበሻ ምግብ ቤት ለረፋድ ቀጠረኝ። በያይነቱ አዘዘ። እኔ በጾም ከቀትር በፊት አልበላም፤ እሱም ያንን ያውቃል፤ ግን ረስቶታል።

"ሊን አነጋግራኛለች" አለኝ። "ነገ ጧት ማኅበረሰቡ ፊት እንደሚናገሩ ነግራኛለች። ምን ሊሉ ነው?"

"የሆነውን።"

እጁን ታጠበ፤ አንድ ጊዜ ጎረሰና አቆመ። "ሲስተር፣ ይስሙኝ። እነዚህ ባለሥልጣናት የሚወስኑት አሁን ነው። ሐሙስ ካለፈ ለአዲስ ክሊኒክ የሚሆን ድጋፍ ወደ ሌላ ይሄዳል። የሚጎዱት እኮ እኚያ ስኳር ያለባቸው ሽማግሌ ናቸው። እኔ ምን እሆናለሁ? ደመወዜን እበላለሁ።"

ይህ እውነት ሊሆን ይችላል። ሌሊቱን ሙሉ እኔም አስቤው ነበር። አሁንም ቢሆን ሐሰት ነው ብዬ አልጽፍም።

"ያኔም እንዲህ ነበር ያልከው።"

"ያኔ ልጆች ይሞቱ ነበር! ክረምቱ ሳይገባ ላድርስ ብዬ ነው የቸኮልኩት። ዓሣቸውን ይከለክላሉ ብዬ እንዴት ላውቅ?"

"ከሰማህ በኋላስ?"

ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አስካለ፣ ስንት ዓመት ነው የምትቆጥሪብኝ? ወረቀቱ ላይ ስምሽ ከስሜ ጋር ነው ያለው። እኔን ስታነሺ ራስሽንም ነው የምታነሺው።"

በመጨረሻ እንደ ድሮው "አንቺ" አለኝ። ካፖርቴን ለበስኩ።

"የእትዬ ይታይሽን ፎቶ አውጣው" አልኩት። "የመንደሯንም ስም።"

"ነገ እናያለን" አለኝ። ሳህኑ ሳይነካ ቀረ ማለት ይቻላል። አስተናጋጇ "ልጠቅልልዎት እማማ?" ስትለኝ እሺ አልኳት። ለጥሩነሽ ወሰድኩላት፤ ለእሱ የሚተርፍ ነገር አላስቀመጥኩም።

ሐሙስ

ጧት ያንኑ ክብ ሠርተን ተቀመጥን። ባለሥልጣናቱ ከምሳ በኋላ ነው የሚመጡት። ትምባሆውን ከፌስታሉ አውጥቼ ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩት። ዶክተር ተፈራ ግድግዳው ላይ ፎቶውን አበራ። እትዬ ይታይሽ ከነመንደራቸው ስም ግድግዳው ላይ ወጡ። አላወጣቸውም።

"እባክህ አጥፋው" አልኩት በእንግሊዝኛ፣ ሁሉም እንዲሰማ።

ሊን ተነስታ ገመዱን ነቀለችው።

እኔ የምናገረው እንግሊዝኛ የመማሪያ መጽሐፍ እንግሊዝኛ ነው፤ ቀስ ብዬ ተናገርኩ። የመንደሯን ስም አልጠራሁም። ቃል መግባቴን፣ ግማሹ ውጤት ቀድሞ መውጣቱን፣ ዓሣው መከልከሉን፣ ፍሳሹ በኋላ መገኘቱን፣ የተዘጋብኝን ደጅ ተናገርኩ። ወረቀቱን ማን እንደወሰደው አልተናገርኩም። ያንን ከእሱ ነበር የምጠብቀው።

ኦንቲ ማርጋሬት ወደ እሱ ዞሩ። "ግማሹን ይዞ የሄደው ማን ነው?"

ከግንባሩ ላብ ጠረገ። ቤቱ ያን ያህል አይሞቅም ነበር።

"እኔ ነኝ።"

"ከዚያ በኋላ ተመልሰህ ነገርካቸው?"

"አልነገርኳቸውም።"

"እሷ እንደወሰደችው ሲያስቡስ ታውቅ ነበር?"

አየኝ። "አውቅ ነበር" አለ።

በአፉ፣ ሰው ፊት። የመጣሁበት ነገር አለቀ። ይህ ሲሆን ደረቴ ቀለል ይለኛል ብዬ አስቤ ነበር፤ አላለኝም። መስማት የነበረባቸው ሰዎች እዚያ ክብ ውስጥ አልነበሩም።

አልጮሁበትም፤ አላባረሩትም። በየተራ ተናግረው ወሰኑ፤ ሰዎቹ ለምን ጥለው እንደሚወጡ በራሳቸው ቃል ሳይጻፍ ቁጥሩ ከዚያ ቤት አይወጣም። የክሊኒኩ ነገር ሲነሳ ስኳር ያለባቸው ሽማግሌ፣ "ጠጪ ናቸው ተብሎ ከሚሠራልኝ ክሊኒክ ትንሽ ልጠብቅ" አሉ። ከምሳ በኋላ ባለሥልጣናቱ መጡ። ሾርባና ሻይ ተሰጣቸው፤ ውጤቱ እንዳልደረሰ ተነገራቸው። አንደኛዋ ሰዓቷን ደጋግማ ታይ ነበር። ሌላው ግን እንደገና መቼ እንደሚመጡ ጠየቀ። ድጋፉ ይቅር አይቅር ስመለስ አልታወቀም ነበር።

ትምባሆውን ለኦንቲ ማርጋሬት ልመልስ ስል እጄን አጥፈው መለሱልኝ። "ለአንቺ ነው። ስትጨርሺ ለውሃ ስጪው" አሉኝ።

"ጨርሼያለሁ።"

"ጨርሰሻል?" አሉኝ።

ኮሪደሩ ላይ ዶክተር ተፈራ ጠበቀኝ። "ጠብቀሽ ጠብቀሽ ተበቀልሽኝ" አለኝ።

"አዎ" አልኩት።

ዓርብና ቅዳሜ

ሻንጣዬ ቅዳሜ ልመለስ ዓርብ ጧት መጣ። ጥሩነሽ ሽሮውን እያሸተተች፣ "ይሄ እንኳ ካንቺ የበለጠ አገር አይቷል" አለች። ቤቲ ቀዩን ካፖርት ውሰጂው አለችኝ፤ አልወሰድኩም፤ የእኛ አገር ብርድ ያን ያህል ቁጣ የለውም። ከዚያ ይልቅ ዳንፎርዝ የሚባል ሱቅ የሞላበት መንገድ ወስዳ ለልጆቼ ጓንት ገዛችልኝ። አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሁለቱም ሸኙኝ። ጥሩነሽ ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛኝ፣ "ሰውዬው ቢደውል ምን ልበለው?" አለች። "ምንም" አልኳት።

ከገና በኋላ በጀልባ ወደ መንደሯ ሄድኩ። እትዬ ይታይሽ ሞተዋል። ልጃቸው ደጁን ከፈተችልኝ፤ ግቢ ግን አላለችኝም። እዚያው ደጁ ላይ ቆሜ በሽታው ከየት እንደመጣና ወረቀቱን ማን እንደወሰደው ነገርኳት፤ ስሙን ከነአባቱ ስም። ጎረቤት ጠራች፤ ደግሜ ነገርኳቸው። ትምባሆውን ሐይቁ ላይ በተንኩት።

ይህን ጽሑፍ ለማንም ከመስጠቴ በፊት ተመልሼ ለመንደሯ ሰዎች አነበብኩላቸው። ሁለት ነገር አውጪ አሉኝ፤ አወጣሁ። አንዱ የመንደሯ ስም ነው። ሁለተኛውን አልናገርም። ዶክተር ተፈራ የሚለው ስም ይቀመጥ አሉ። አስቀመጥኩት።